የባንጆው ድምፅ እና የማሽኑ ድምፅ፦ የድሮ የአሜሪካ ሕዝባዊ ቀረጻዎችን እንዴት እንስማ?

ክቡራን አድማጮች፣ የዛሬው ርእሳችን በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶችና በአፓላችያ ተራሮች የተቀረጸው የባንጆና የሕዝብ ዘፈን ድምፅ ነው። አብዛኞቻችሁ ይህን ሙዚቃ የምታገኙት ኢንተርኔት ላይ፣ ጭርጭር እያለ፣ ማን ከምን እንደቀዳው ሳይገለጽ ነው። ከእነዚህ ቀረጻዎች የሚሰማው ድምፅ ከፊሉ የተጫዋቹ ነው፣ ከፊሉ የማሽኑ። ሁለቱን ሳይለይ ቅኝት የሚገለብጥ ተማሪ የሞተርን ግድፈት እንደ ጥበብ ያጠናል። ሳይለይ ድምፅ የሚያጸዳ ባለሙያ ደግሞ ባንጆውን ከቆሻሻው ጋር ጠርጎ ይጥለዋል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያውን በአጭሩ እንየው። ባንጆ ክብ ፍሬም ላይ ቆዳ ተወጥሮበት፣ ረጅም አንገት የተገጠመለት የክር መሣሪያ ነው። ባለአምስት ክሩ ባንጆ አራት ሙሉ ክሮች አሉት። አምስተኛው አጭር ነው፤ መቃኛው ከአንገቱ ጎን፣ አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደረው የቃና መለያ ብረት) አጠገብ ተተክሏል። ይህን አጭር ክር አውራ ጣት ይመታዋል እንጂ የግራ እጅ ጣት እምብዛም አይነካውም፤ ስለዚህ ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃና ብቻ ይሰጣል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ምስክር አድርገን እንጠራዋለን። በጣም የተለመደው ቅኝት ከአምስተኛው ክር ሲጀመር ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው። ሲ የሆነውን ሁለተኛ ክር ወደ ዶ ከፍ ስታደርጉት፣ በተራሮቹ አካባቢ ለቆዩ ሐዘን ለበስ ዘፈኖች የሚወደደው ቅኝት ይወጣል። አራተኛውንም ክር ከሬ ወደ ዶ ዝቅ ካደረጋችሁት ደግሞ ለጭፈራ ዜማ የሚመረጠውን ታገኛላችሁ።

አመታቱ ክሎሃመር ይባላል፦ እጅ ወደ ታች እየወረደ በአመልካች ወይም በመካከለኛው ጣት ጥፍር ክሩን ይመታል፣ አውራ ጣት አምስተኛውን ክር ተከትሎ ይለቃል። ይህ አመታት ከአውሮፓ የመጣ አይደለም። በሴኔጋልና በጋምቢያ የጆላ ሕዝብ የሚጫወተው አኮንቲንግ ዛሬም በጥፍር ወደ ታች ይመታል፤ እሱም ለአውራ ጣት የተተወ አጭር ክር አለው። ባንጆን አሜሪካ ያደረሱት በባርነት የተጋዙ ምዕራብ አፍሪካውያን ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው በሚያቀርቡት የመድረክ ትርኢት መሣሪያውን አገር አዳረሱት፤ ፋብሪካዎችም ማምረት ጀመሩ። ይህ ታሪክ ቀረጻው ላይ ምን ያህል እንደተዛባ በኋላ እናያለን።

እስከ 1925 ድረስ ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ በሰፊው ጥቅም ላይ አልዋለም ነበር። ድምፁ ቀንድ በሚባለው ሾጣጣ ቱቦ ውስጥ ገብቶ፣ ስስ ሽፋን አንቀጥቅጦ፣ በራሱ ጉልበት መርፌውን እየገፋ ሰም ላይ ይቀርጻል። የሚያልፈው ድምፅ በግርድፉ ከ200 እስከ 2,500 ኸርዝ ነው። ቫዮሊን በዚህ ቀንድ ይደክማል፣ ቤዝ ይጠፋል፤ ባንጆ ግን አጭርና ጠንካራ ድምፅ ስላለው ጥርት ብሎ ይወጣል። በ1890ዎቹ እንደ ቬስ ኦስማን ያሉ የባንጆ ሰዎች በሰም ሲሊንደር ደጋግመው የተቀረጹት ለዚህ ነው። እነሱ ግን የከተማ ተጫዋቾች ናቸው፦ ማርሽና ራግታይም በጣት ጫፍ የሚጫወቱ፣ የሙዚቃ ወረቀት የሚያነቡ። ቀደምት ቀረጻ ያገኘ ሰው የገጠሩን ባንጆ ያገኘ ይመስለዋል፤ የገጠሩ ግን ገና ሠላሳ ዓመት ይቀረዋል።

ኩባንያዎች ወደ ገጠሩ የሄዱት በ1920ዎቹ ነው፤ ገበያ ሸትቷቸው። ከሁሉ የሚታወቀው ራልፍ ፒር ለቪክተር ኩባንያ ቴነሲና ቨርጂኒያ በሚዋሰኑባት በብሪስቶል ከተማ ያካሄደው ቀረጻ ነው። ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 5 ቀን 1927 ድረስ 19 ቡድኖችና ዘፋኞች 76 ቀረጻ ሰጥተዋል፤ በኋላ ዝነኛ ዘፋኞች የሆኑት የካርተር ቤተሰብና ጂሚ ሮጀርስ የተገኙት እዚያ ነው። በዚያው ዓመት የከሰል ማዕድን ሠራተኛው ዶክ ቦግስ ኒው ዮርክ ሄዶ ለብረንዝዊክ ኩባንያ ስምንት ዘፈን ቀረጸ። ክላረንስ አሽሊ በ1929 በጆንሰን ሲቲ ለኮሎምቢያ ተቀረጸ። የ10 ኢንች ሸክላ አንዱ ገጽ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው የሚይዘው። ሃያና ሠላሳ አንቀጽ ያለው የትረካ ዘፈን ተቆርጦ ይገባል። ሰው እስኪደክመው የሚጨፍርበት ዜማም እንዲሁ ይቆረጣል። ስለዚህ ከሸክላ ላይ «ዘፈኑ አምስት አንቀጽ ነው» ብላችሁ አትጻፉ፤ አምስት የሆነው ሸክላው ነው።

ዋናው መዛባት ግን ሌላ ቦታ ነው። ኩባንያዎቹ ካታሎጋቸውን ለሁለት ከፈሉ፦ «ሬስ» የተባለው ለጥቁር ገዢ፣ «ሂልቢሊ» የተባለው ለነጭ ገዢ። ከጥቁር ሙዚቀኛ የሚፈለገው ብሉዝና መንፈሳዊ መዝሙር ነበር፤ ቫዮሊንና ባንጆ ይዞ የመጣ ጥቁር ቡድን በየትኛው ካታሎግ ይግባ? ጥቁሮቹ የባንጆ ሰዎች ጋስ ካነንና ባለስድስት ክር ባንጆ ይጫወት የነበረው ፓፓ ቻርሊ ጃክሰን ተቀርጸዋል፤ ግን ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። በዚህ ምክንያት አፍሪካውያን ያመጡት መሣሪያ በሸክላ ላይ የነጭ ተራራ ሰው መሣሪያ ሆኖ ታየ። በ1946 በቴነሲ የተቀረጹት ጆን ለስክ፣ መርፍ ግሪብልና አልበርት ዮርክ ይህን ምስል ያፈርሳሉ። ቫዮሊን፣ ባንጆና ጊታር ናቸው፤ ሙዚቃቸው ከነጮቹ ቡድኖች ይልቅ ጠለቅ ያለና የተቆራረጠ ምት አለው። ቀረጻው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ለሕዝብ በአልበም የወጣው ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ ትውልድ መጨረሻ የነበረው የሰሜን ካሮላይናው ቫዮሊነኛ ጆ ቶምፕሰን በ2012 እስኪሞት ድረስ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ለተባለው ቡድን ወጣቶች ዜማውን ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ አስተምሯል። ሰዎቹ እያሉ ሸክላው አልነበረም። መዝገብ ቤት ውስጥ የሌለ ነገር ሕይወት ውስጥ አልነበረም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

መዝገብ ቤቱስ? በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአሜሪካ ሕዝብ ዘፈን ማኅደር የተከፈተው በ1928 ነው፤ የመጀመሪያው ኃላፊ ሮበርት ጎርደን በሰም ሲሊንደር ይቀርጽ ነበር። በ1933 የዘፈን ሰብሳቢዎቹ ጆን ሎማክስና ልጁ አለን 315 ፓውንድ፣ ማለትም 143 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የዲስክ መቅረጫ በፎርድ መኪናቸው ኋላ ጭነው ወጡ። በመጀመሪያ ቀረጻው በባዶ አሉሚኒየም ዲስክ ላይ ነበር፤ መርፌው ብረቱን አይቆርጠውም፣ ይደፈጥጠዋል፤ ስለዚህ ድምፁ ከፍተኛ ሽሽታ አለው። ቀጥሎ በአሉሚኒየም ላይ ላከር የተባለ ልባስ የተቀባው ዲስክ መጣ፤ መርፌው ቀጭን ክር መሰል ፍቅፋቂ እያወጣ ይቆርጠዋል፤ አንድ ሰው በብሩሽ እየጠረገ መቆም አለበት፤ ፍቅፋቂው መርፌ ሥር ከገባ ቀረጻው አለቀ። ለዚህ ሲሉ አንዳንድ ቀራጮች ከመሐል ወደ ጠርዝ ይቆርጡ ነበር። እንዲህ ያለውን ዲስክ እንደ ተራ ሸክላ ከጠርዝ ብትጀምሩት መርፌው ወደ ውስጥ አይሄድላችሁም፤ ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም።

ሰብሳቢዎቹም ቢሆኑ ምርጫ ነበራቸው። ሎማክስ ራዲዮና ሸክላ ያልደረሰበትን ዘፈን ይፈልግ ነበር፤ አንድ ባንጆ ተጫዋች ከራዲዮ የለመደውን ወቅታዊ ዘፈን ሲያቀርብለት ዲስክ አያባክንበትም። ኩባንያው የሚሸጠውን፣ ሎማክስ ያረጀውን መረጠ። የሰውየው ሙሉ የዘፈን ጎተራ በሁለቱም ዘንድ የለም።

አሁን ወደ ፍጥነት። ሰው በጣም የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የድሮው ሸክላ በደቂቃ ይዞራል የሚባለው «78» ቁጥር ስም እንጂ ልክ አይደለም። በቀንድ ዘመን የተቀረጹት በደቂቃ ከ70 ትንሽ በላይ እስከ 90 ገደማ ዙር ይደርሳሉ፤ የመስክ ማሽን ደግሞ እንደ ባትሪው ነው። በ75 ዙር የተቀረጸውን በመደበኛው 78.26 ብታጫውቱት ድምፁ 74 ሴንት ይቀጥናል። ግማሽ ቶን 100 ሴንት ነው፤ ግማሽ ቶን ለመሙላት ወደ 6 ከመቶ የሚጠጋ የፍጥነት ልዩነት ይበቃል።

መጀመሪያ የራሳችሁን ማጫወቻ ፈትሹ። ማጫወቻው ላይ ተቀምጦ በመብራት ሥር የሚታየው የአሜሪካው መፈተሻ ዲስክ 92 ጥቁር መስመር አለው። አሜሪካ ውስጥ መብራት በሰከንድ 120 ጊዜ፣ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ብልጭ ስለሚል፣ 7,200 ለ92 ሲካፈል 78.26 ይሆናል፤ መስመሮቹ የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ልክ ነው። አዲስ አበባ፣ አውሮፓና እስራኤል ያለው ኤሌክትሪክ ግን 50 ኸርዝ ነው። ያንኑ ዲስክ እዚያ ብትጠቀሙ መስመሮቹ የሚቆሙት በ65.2 ዙር ነው፤ ማጫወቻችሁን በዚህ ካስተካከላችሁ ዶክ ቦግስ ከሦስት ግማሽ ቶን በላይ ወፍሮ ይዘፍናል። ለ50 ኸርዝ 77 መስመር ያለውን ውሰዱ፤ እሱ 77.92 ይሰጣል። አንዳንድ ኤልኢዲ አምፖል ብልጭታው ስለማይታይ የቆየ ባለክር አምፖል ብትጠቀሙ ይሻላል።

ቀጥሎ ሸክላው ራሱ በስንት ዙር እንደተቀረጸ ፈልጉ። በኤሌክትሪክ፣ ማለትም በማይክሮፎን የተቀረጸ ከሆነ አንዳንዴ ከሙዚቃው ሥር የስቱዲዮው መብራት ጉምጉምታ አብሮ ተቀርጿል፤ አሜሪካ ውስጥ 60 ኸርዝ መሆን አለበት። በስፔክትረም፣ ማለትም የድምፁን ኸርዝ በሚያሳይ ሥዕል ስትመለከቱት 63 ላይ ካገኛችሁት ሸክላውን በፍጥነት እያጫወታችሁት ነው፤ ትክክለኛው 78.26 ሲባዛ በ60 ሲካፈል ለ63፣ ማለትም 74.5 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት መርፌውን አንሡ። ጉምጉምታው ከቀጠለ የራሳችሁ ገመድ ነው። በዚህ ረገድ የ50 ኸርዝ አገር ሰው ይታደላል፤ የእሱ ጉምጉምታ 50 እና 100 ላይ ስለሚታይ ከአሜሪካው ጋር አይደባለቅም። ባትሪ የሚያንቀሳቅሰው የመስክ ማሽን ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

ከዚያ አምስተኛው ክር ይመጣል። በዘፈኑ መጀመሪያና በመጨረሻው ላይ ያለውን የዚህን ክር ቃና ለኩ። 30 ሴንት ከፍ ካለ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ወይ መቃኛው ተነካክቷል፣ ወይ መቅረጫው እየዘገየ ነበር። መቅረጫ ሲዘገይ ስናጫውተው ድምፁ ይቀጥናልና። ሌሎቹን ክሮችና የዘፋኙን ድምፅ አብራችሁ ለኩ፤ ሁሉም እኩል ከፍ ካሉ ማሽኑ ነው፤ ያ አንድ ክር ብቻ ከሆነ ክሩ ነው። ማሽኑ ከሆነ በሶፍትዌር ቀስ በቀስ ማስተካከል ይቻላል። ክሩ ከሆነ ግን አትንኩት፤ ያ የሰውየው ነው።

ቅኝቱ ብቻውን ግን ፍጥነት አያስረዳም። «ባንጆው በሶል መቃኘት አለበት፤ ስለዚህ ወደ ሶል እስኪመጣ ፍጥነቱን ልቀይር» የሚል ሥራ ብዙ ቦታ ይታያል፤ ስሕተት ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው በድምፁ ልክ ይቃኛል፤ የፊት ቆዳውም ዝናብ ሲሆን ይላላል፣ ደረቅ ሲሆን ይወጠራል። ከባንጆው ጋር ቫዮሊን ካለ ማስረጃው ትንሽ ይጠነክራል። ሰው የሚናገርበት ክፍል ካለበት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ የፈጠነ ንግግር ጆሮ ወዲያው ይነቃበታል። አንዳንድ ሰብሳቢዎች በቀረጻው መጀመሪያ ላይ የቃና ፊሽካ ይነፉ ነበር፤ እሱ ከተገኘ ጥያቄው ተፈታ።

ዲስኩን በእጅ ስትይዙ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ለዩ። ፋብሪካ የተጫነው ሸክላ ከሼላክ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ ነው፤ ከባድ፣ ሲወድቅ የሚሰበር። ላከር ዲስክ ደግሞ በመሐል ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የአሉሚኒየም ብርሃን ያሳያል፤ ብዙ ጊዜም ከመሐሉ ቀዳዳ ጎን ተጨማሪ ቀዳዳዎች አሉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሉሚኒየም ለጦርነት ስለተፈለገ ሥረ መሠረቱ መስታወት የሆነ ላከር ተሠርቷል፤ እሱን በአንድ እጅ አታንሡ።

ሼላክን አልኮል ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ስክሪን ማጽጃም ሆነ ስፒሪቶ አይንካው። የተጣራ ውኃ፣ ጥቂት ጠብታ ሽታና ቀለም የሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ ብሩሹ ቦዮቹን ተከትሎ በክብ ይሂድ፣ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት አይርጠብ፣ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፣ ቆሞ ይድረቅ። በጀርመን የተቀረጹት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሸክላዎች ቤቱ የተረፉለት ሰው ካለ፣ ለእነሱም ሕጉ ይኸው ነው። ላከር ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ከታየ፣ ላከሩን ለማለስለስ ከተጨመረው የጉሎ ዘይት የወጣ ስብ አሲድ ነው። ዘይቱ ሲወጣ ሽፋኑ ይኮማተራል፣ አሉሚኒየሙ ግን አይኮማተርም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ስንጥቅ ካያችሁ ውኃ አታስነኩት፣ አታጫውቱትም። እንዲህ ላለው በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ካርል ሃበርና ቪታሊ ፋዴየቭ የጀመሩት፣ ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ጋር ያደገው «አይሪን» የተባለ ዘዴ አለ፤ ቦዩን በካሜራ ፎቶ አንሥቶ ከምስሉ ድምፅ ያወጣል፤ ምንም አይነካም።

ጤነኛውን ለማጫወት የመርፌ ስፋት ወሳኝ ነው። የኤልፒ (ከ78 በኋላ የመጣው ረጅም ሸክላ) መርፌ ጫፍ ከ18 እስከ 25 ማይክሮን ነው፤ የ78 ቦይ ግን ወደ 76 ማይክሮን የሚሆን መርፌ ይፈልጋል። የኤልፒ መርፌ በቦዩ ወለል ላይ ይንከባለላል፤ የምትሰሙት ድምፅ ሳይሆን የተከማቸ አቧራ ነው። ባለሙያዎች ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ያሉ የተለያዩ መርፌዎች ይይዛሉ፤ የቀደመው ተጠቃሚ የብረት መርፌ ቦዩን አንድ ከፍታ ላይ ስለበላው፣ ያልተበላው ግድግዳ ላይ የሚቀመጠውን እያፈራረቁ ይመርጣሉ። ክብደቱ ከ3 እስከ 5 ግራም ይሁን። ቀረጻው ሞኖ ቢሆንም በስቴሪዮ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) በሁለት ቻነል ቅዱት፤ ሁለቱ ቻነሎች ሁለቱ የቦዩ ግድግዳዎች ናቸው፤ አንዱ ብዙ ጊዜ ከሌላው የተሻለ ነው። በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ስትቀዱ ሦስት ደቂቃው 104 ሜጋባይት ገደማ፣ ሰዓቱ 2 ጊጋባይት ይሆናል።

ቅድመ ማጉያችሁ የዘመኑን የኤልፒ ማስተካከያ (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ሚዛን) ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ችግር አለ። ይህ ማስተካከያ የጸናው በ1954 ነው፤ 10,000 ኸርዝ ላይ 13.7 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ1927 እንዲህ ያለ ቅነሳ የሚጠብቅ ቀረጻ የለም፤ ስለዚህ የጥፍሩ ንክኪ፣ ያ «ጠቅ» የሚለው፣ ይታፈናል። ያለ ማስተካከያ ቅዱና ከዚያ በሶፍትዌር ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ከፍ አድርጉ።

ጽዳት ላይ ባንጆ ከሌላ መሣሪያ ሁሉ የሚከፋ ዕጣ አለው። ሶፍትዌሩ የሸክላ ጠቅታን የሚለየው በአጭርነቱና በድንገተኛነቱ ነው፤ ጥፍር ክር ሲመታም አጭርና ድንገተኛ ነው። መጠኑን ከፍ ስታደርጉ ሸክላው ጸጥ ይላል፣ ባንጆው ግን ጥጥ የተጠቀለለ ይመስላል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ፕሮግራሙ የጣለውን ብቻ የሚያሰማ ቁልፍ አለ፤ እሱን ክፈቱና ስሙ። ቆሻሻው ውስጥ ምት ከሰማችሁ፣ እግራችሁ ከተነቃነቀ፣ ሙዚቃ እየጣላችሁ ነው፤ መጠኑን ቀንሱ። ያልተነካውንም ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ይመጣል።

አንድ ቀረጻ ስትጠቅሱ የዘፈኑን ርእስ ብቻ አትጻፉ፤ አንድ ርእስ በሃያ ሰው ተቀርጿል። ከንግድ ሸክላ ላይ የኩባንያውን የሽያጭ ቁጥር ጻፉ። በመጨረሻው ቦይና በወረቀቱ መሐል ላይ የተፈለፈለውንም የማትሪክስ ቁጥር ጨምሩ፤ ያው ዘፈን ሁለት ጊዜ ተቀርጾ ከሆነ የትኛውን እንደሰማችሁ የሚለየው እሱ ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዲስክ ከሆነ «ኤኤፍኤስ» የሚለውን ቁጥር ከገጹ ፊደልና ከቅደም ተከተሉ ጋር ጻፉ።

መብቱን በተመለከተ፣ በ2018 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከ1923 በፊት የወጡ ቀረጻዎች ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ነፃ ሆነዋል። ከ1923 እስከ 1946 ለሕዝብ የወጡት መቶ ዓመት ይጠበቃሉ፤ ስለዚህ በ1927 ለገበያ የወጣ ሸክላ ጃንዋሪ 1 ቀን 2028 ይለቀቃል። ከ1947 እስከ 1956 ለወጡት 110 ዓመት ነው። ዝም ብሎ መደርደሪያ ላይ የቆየ፣ ከ1957 በፊት ለሕዝብ ያልወጣ ቀረጻ ግን በመጨረሻው ክፍል ስለሚወድቅ ጥበቃው እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2067 ሊዘልቅ ይችላል፤ በ1940ዎቹ የተቀረጸ የመስክ ዲስክ ከ1927ቱ የንግድ ሸክላ አርባ ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነፃ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ዘፈኑን የጻፈ የሚታወቅ ሰው ካለ የግጥሙና የዜማው መብት ለብቻው ይታያል። ከመስክ ዲስክ ቆርጣችሁ በራሳችሁ ሥራ ውስጥ ለማስገባት ካሰባችሁ፣ ቁጥሩን ይዛችሁ በቤተ መጻሕፍቱ የአሜሪካ ሕዝባዊ ሕይወት ማዕከል በጽሑፍ ጠይቁ፤ የዘፋኙ ቤተሰብ የሚታወቅ ከሆነ ለእነሱም አስታውቁ።